ለቤት የሙከራ ላብራቶሪ «ዲፎልት ስዊች»ን አትመኑት

በዊንዶውስ ሃይፐር-ቪ ላይ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) የምትሞክሩ ሰዎች፣ ማሽኖቹን ከኔትወርክ የሚያገናኘውና አብሮ የሚመጣው «ዲፎልት ስዊች» ኮምፒውተሩ ሪስታርት ባደረገ ቁጥር የአይፒ ክልሉን ሊቀይር ይችላል። ትናንት ሲሠራ የነበረው ሰርቨር ዛሬ ድምፁን ያጠፋል። እናንተ ደግሞ ፋየርዎል ስትጎረጉሩ ታመሻላችሁ።

ይልቅ ማሽኖቹን እርስ በርስና ከዋናው ኮምፒውተር ጋር ብቻ የሚያገናኝ «ኢንተርናል» ስዊች ፍጠሩ። በዋናው ኮምፒውተር ላይ ለሚመጣው አዲስ አዳፕተር ቋሚ አድራሻ ስጡት፤ 192.168.50.1 በሉት፣ ማስኩ 255.255.255.0። የቤታችሁ ራውተር ይህንኑ ክልል የሚጠቀም ከሆነ ግን ሌላ ምረጡ። ለማሽኖቹ ከ192.168.50.10 ጀምሮ በእጅ ሙሉ፤ አድራሻ በራሱ የሚያድል ዲኤችሲፒ እዚህ የለም። ጌትዌያቸው (ወደ ውጭ የሚወጡበት በር) ያው 192.168.50.1 ነው።

ኢንተርኔት ከፈለጋችሁ በፓወርሼል (የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ) ለዚያው ክልል ኤንኤቲ ክፈቱ፤ ማሽኖቹ በዋናው ኮምፒውተር አድራሻ በኩል እንዲወጡ የሚያደርገው እሱ ነው። ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረው) ላይ ግን ጌትዌዩን እንዳትሞሉ፣ መልስ አይሰጣችሁም። የራውተራችሁን አድራሻ ወይም የክላውድፍሌርን ሕዝባዊ ዲኤንኤስ 1.1.1.1 አስገቡ።