ከዳሌ ወለል ቀዶ ጥገና በኋላ፦ በምስል ምርመራ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ለሽንት ማምለጥ ወይም ለማህፀን መውረድ ቀዶ ጥገና የተሠራላት ሴት በኋላ ሕመም ወይም የሽንት ችግር ከመጣባት ምስል ሊታዘዝላት ይችላል። ውጤቱ የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ በማሽኑ አይደለም።

"ቀዶ ጥገና ተሠርቻለሁ" ብሎ ማለፍ። ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ምን ተሠራ? መረብ (የወረደውን አካል ወይም የሽንት ቱቦውን የሚደግፍ ሰው ሠራሽ ጨርቅ መሰል ነገር) ገብቷል? ወይስ ሽንት እንዳያመልጥ በሽንት ቱቦው ዙሪያ የሚሞላ ነገር በመርፌ ተሰጥቷል? ይህ መሙያ በምስል ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሊመስል ይችላል። ካልሲየም ያለበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ በሲቲ ስካን ጠጠር ይመስላል። ታሪኩን ያልሰማ ራዲዮሎጂስት (ምስሉን የሚያነብ ሐኪም) "ጠጠር" ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። የቀዶ ጥገናውን ሪፖርት ይዘው ይሂዱ፤ በስልክ የተነሳ ፎቶም ይበቃል።

ውድ ማሽን ሁሉን ያያል ብሎ ማሰብ። በሽንት ቱቦ ሥር የሚቀመጠው ቀጭን የመረብ ጥብጣብ በሲቲ ስካን እምብዛም አይለይም። በብልት ከንፈሮች ላይ ተደግፎ በሚሠራ አልትራሳውንድ ግን እንደ ነጭ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። መታጠፉ፣ ከቱቦው ያለው ርቀት፣ ሲያስሉ የሚንቀሳቀስበት መንገድ ሁሉ ይለካል። ኤምአርአይ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ለምሳሌ መረቡ ከታችኛው የጀርባ አጥንት ጋር ከተሰፋ በኋላ ኃይለኛ የወገብ ሕመምና ትኩሳት ሲመጣ፣ የአጥንትና የዲስክ ኢንፌክሽን የሚፈለገው በእሱ ነው።

በሀፍረት በደንብ አለማማጥ። በምርመራው ጊዜ "አምጪ"፣ ማለትም ወደ ታች ግፊ፣ ሲባሉ ሽንት ያመልጠኛል ብለው የሚቆጠቡ አሉ። ባለሙያው ይህን የለመደ ነው፣ አይጨነቁ። ካላማጡ የማህፀኑ ወይም የሌላው አካል መውረድ ይደበቃል። የሞላ ፊኛም ይደብቀዋል፤ ስለዚህ ከምርመራው በፊት ሽንት መሽናት ይኖርብዎት እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

መረብ ስላለ ኤምአርአይን መፍራት። የተለመደው መረብ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ማግኔት አይስበውም። ፊኛን የሚቆጣጠር የነርቭ ማነቃቂያ መሣሪያ ከተተከለልዎት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሳይናገሩ ወደ ክፍሉ እንዳይገቡ።

"ምስሉ ንጹህ ነው" ተብሎ የሐኪም ምርመራን መዝለል። መረቡ የብልትን ግድግዳ ቀዶ ብቅ ካለ፣ በተለይ ትንሽ ከሆነ፣ የሚገኘው በዓይንና በጣት ነው። ደም ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ ካለ፣ ወይም በግንኙነት ጊዜ እርስዎን ወይም ባለቤትዎን የሚወጋ ነገር ከተሰማ፣ ምስሉ ምንም ቢል ሐኪሙ ራሱ ይይዎት።