ነጠላ ሰረዙን የት ላድርገው? ድርብ ዓረፍተ ነገር ስንጽፍ የሚዘወተሩ ስህተቶች

አማርኛ ሐሳብን ከሐሳብ የሚያስረው በግሱ ጫፍ ነው። «ሄደ» ካልን ነገሩ ታስሯል፤ አንባቢው እዚያ ላይ ማረፍ ይችላል። «ሄዶ» ካልን ግን ገና ነው። «ሲሄድ»፣ «ስለሄደ»፣ «ቢሄድም»፣ «ከሄደ» ሁሉም እንደዚያው ናቸው፤ ማሰሪያ አንቀጹን፣ ማለትም ሐሳቡን የሚዘጋውን ግስ፣ ይጠብቃሉ።

ስለዚህ ምልክት ከማድረጋችን በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ግሱ ታስሯል ወይስ አልታሰረም? ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ካለመጠየቅ የሚመጡ ናቸው። የተረፉት ደግሞ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ የተማርነውን ሥርዓተ ነጥብ ሳናስበው ወደ አማርኛ ስናሻግር የሚፈጠሩ ናቸው።

የታሰሩ ሐሳቦችን በነጠላ ሰረዝ ማጣበቅ

«ዝናቡ ጣለ፣ ታክሲ ጠፋ፣ ሰልፉ እስከ መታጠፊያው ደረሰ።»

እዚህ ሦስት የታሰሩ ግሶች አሉ። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን መቆም ይችላሉ። ነጠላ ሰረዝ ደግሞ ይህን ያህል ሸክም አይችልም፤ ሥራው ዝርዝርን መለየትና ያልታሰረን ሐሳብ ከሚቀጥለው መለየት ነው። ሙሉ ሐሳቦችን ጎን ለጎን ማቆም የድርብ ሰረዝ ድርሻ ነው፦ «ዝናቡ ጣለ፤ ታክሲ ጠፋ፤ ሰልፉ እስከ መታጠፊያው ደረሰ።»

ግን ድርብ ሰረዝ የሚናገረው ሐሳቦቹ መዛመዳቸውን ብቻ ነው። እንዴት እንደተዛመዱ አይናገርም። ታክሲ የጠፋው በዝናቡ ምክንያት መሆኑን ማሳወቅ ከፈለግን ግሱን መንካት ይሻላል፦ «ዝናቡ ስለጣለ ታክሲ ጠፍቶ ሰልፉ እስከ መታጠፊያው ደረሰ።» አንድም ሰረዝ አልገባበትም፤ ማንም ግን አይደናገርም። ስልክ ላይ ፤ን ፈልጎ ማግኘት ለሚያታክተው ሰው ይህ ጥሩ መውጫ ነው።

ባለቤቱን ከግሱ መቁረጥ

«ባለፈው ሳምንት ከደሴ የመጣችው የአክስቴ ልጅ፣ ሥራ አገኘች።»

ይህ ስህተት በሽ በሽ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አማርኛ ገላጩን ከፊት ስለሚደረድር ባለቤቱ ጋ ስንደርስ ትንፋሽ ያጥረናል። ትንፋሽ ባጠረን ቁጥር ደግሞ ሰረዝ እናደርጋለን። ትንፋሽ ግን ሕግ አይደለም። «የአክስቴ ልጅ» እና «አገኘች» አንድ ላይ የሚሄዱ ስለሆኑ በመካከላቸው ምልክት አይገባም።

ገላጩ ከስሙ በኋላ ሲመጣ ነገሩ ይለያል፦ «የአክስቴ ልጅ፣ ከደሴ የመጣችው፣ ሥራ አገኘች።» ያኔ ሰረዙ ከፊትም ከኋላም ያስፈልጋል። ከፊት ከፍቶ ከኋላ ሳይዘጉ መተው ባለቤቱን መልሶ መቁረጥ ነው።

ከ«እና» በፊት ሰረዝ ማድረግ

«ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ እና ዘይት ግዛ።» የመጨረሻዋ ሰረዝ የአማርኛ ልማድ አይደለችም። «ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ዘይት ግዛ» በቂ ነው። «እና»ን ለብቻው መጻፍ የሚመርጥ ሰው «ቃሪያ እና ዘይት» ይበል፤ ሰረዙን ግን ይተወው።

የባሰው ዓረፍተ ነገርን ከዓረፍተ ነገር በ«እና» መቀጠል ነው። «ገበያ ሄድኩ፣ እና ሽንኩርት ገዛሁ፣ እና ተመለስኩ።» እንዲህ ብሎ የሚያወራ ሰው አለ? አፋችን ላይ የሚመጣው «ገበያ ሄጄ ሽንኩርት ገዝቼ ተመለስኩ» ነው። ቦዝ አንቀጽ (እንደ «ሄጄ» እና «ገዝቼ» ያለው ያልታሰረ ግስ) ያለው ለዚህ ነው። ባለቤቱ አንድ ከሆነና ድርጊቶቹ ተከታትለው ከመጡ «እና»ንም ሰረዙንም ይተካል። «በሩን ከፈተና ገባ» ማለትም ይቻላል፤ እዚህም ሰረዝ አይገባም።

ባለቤቱ ሲለያይ ምርጫችን ሰፊ ነው። «እኔ ሽንኩርት ገዛሁ፤ እሷ ዘይት አመጣች» ማለት ይቻላል። «እኔ ሽንኩርት ስገዛ እሷ ዘይት አመጣች» ማለትም ይቻላል። ሁለቱ እኩል አይደሉም። ሁለተኛው ድርጊቶቹ በአንድ ጊዜ መከናወናቸውን ይናገራል፤ የመጀመሪያው ዝም ይላል።

ቦዝ አንቀጾች ሲበዙና እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ዝርዝር ሲይዙ ነጠላ ሰረዝ ያግዛል፦ «ጠዋት ተነስታ፣ ልጆቹን ቁርስ አብልታ፣ ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ቢሮ ስትገባ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።» እዚህ ሰረዙን ብናነሳው አንባቢው ይደክማል። «በልቶ ጠጥቶ ተኛ» ላይ ግን ሰረዝ መደርደር ነገሩን መቆራረጥ ነው።

«ና»ን ነጥሎ መጻፍ

«አበበ ና ከበደ መጡ።» ይህን ጮክ ብለው ያንብቡት። አበበ የተጠራ ይመስላል! «ና» ሁልጊዜ ከፊቱ ካለው ቃል ጋር ይጣበቃል፦ «አበበና ከበደ»። ለብቻው መቆም የሚችለው «እና» ነው።

በነገራችን ላይ «ና» ምክንያትም ይሆናል። «እንግዳ ሊመጣ ነውና ቡና አፍዪ» ስንል መደመራችን ሳይሆን ምክንያት መስጠታችን ነው። ምክንያቱ ከረዘመ ከ«ና» በኋላ ነጠላ ሰረዝ ቢገባ አይነቀፍም።

«ነገር ግን፣» እና «ስለዚህ፣»

«ደወልኩለት፣ ነገር ግን፣ አላነሳም።»

ምልክቱ የሚያስፈልገው ከ«ነገር ግን» በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። «ደወልኩለት» የታሰረ ስለሆነ ፤ ወይም ። ይከተለዋል፦ «ደወልኩለት፤ ነገር ግን አላነሳም።» ለ«ስለዚህ»ም ያው ነው። አንዳንድ አዘጋጆች ከእነዚህ ቃላት በኋላ ሰረዝ ያደርጋሉ፤ ለእኔ ግን አንባቢን ያለምክንያት ማስቆም ነው። ማሳጠር ለሚፈልግ «ብደውልለትም አላነሳም» አለለት።

ብቻውን የሚመጣው «ግን» አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ቦታ ይዞ ይቀመጣል፦ «ስልኩ ይጠራል፤ እሱ ግን አያነሳም።» ግራና ቀኙን ሰረዝ ማድረግ አያስፈልግም። «እንጂ» ደግሞ እንደ ቅደም ተከተሉ ይለያያል። «ጊዜ አጣሁ እንጂ አልረሳሁም» ምንም ምልክት አይፈልግም። ገልብጠን «አልረሳሁም፤ ጊዜ አጥቼ ነው እንጂ» ስንል ግን የታሰረው ግስ ከፊት ስለመጣ ምልክቱ ግድ ይሆናል።

ለአንድ ሥራ ሁለት ማያያዣ መቅጠር

«ምንም እንኳ ቢደክመውም ነገር ግን ሥራውን ጨረሰ።» ተቃርኖውን «ቢደክመውም» ጨርሶታል። «ነገር ግን» ትርፍ ነው። «ስለዘነበ ስለዚህ ጨዋታው ተላለፈ» ላይም «ስለዚህ» ይውጣ።

«ምክንያቱም» ትንሽ ትኩረት ይፈልጋል። «አልመጣሁም ምክንያቱም አሞኝ ነበር» በንግግር ያልፋል። በጽሑፍ ግን መጀመሪያ ምልክቱ ጎድሏል፤ ቀጥሎም መዝጊያው አልተሟላም፦ «አልመጣሁም፤ ምክንያቱም አሞኝ ስለነበር ነው።» ረዘመ? «ስላመመኝ አልመጣሁም» ይበሉ።

የ«ሲሆን» ሰንሰለት

ይኼኛው በዜናና በመሥሪያ ቤት ሪፖርት ላይ የተለመደ በሽታ ነው።

«ስልጠናው የተሰጠው በአዳማ ሲሆን፣ የተሳተፉት 30 መምህራን ሲሆኑ፣ ዓላማውም የተማሪዎችን የንባብ ችሎታ ማሳደግ ሲሆን፣ ለ3 ቀናት የቆየ ነው።»

ሰረዞቹን አንድ በአንድ ብናያቸው የሚነቀፍ የለም። ሁሉም ካልታሰረ ግስ በኋላ ነው የገቡት። ጥፋቱ ያለው ማያያዣው ላይ ነው። «ሲሆን» እዚህ ምንም አያያይዝም፤ ጸሐፊው ዓረፍተ ነገሩን መዝጋት ፈርቶ ያስገባው መቀጠያ ነው። መጨረሻ ላይ «የቆየ ነው» ሲመጣ የቆየው ምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ መጀመሪያው መመለስ አለብን። ዓላማው ነው? መምህራኑ ናቸው? አይ፣ ስልጠናው ነው።

መፍትሔው ሰረዝ ማንሳትና መጣል አይደለም። ዋናውን ነገር ለይቶ ማሰር ነው፦ «የተማሪዎችን የንባብ ችሎታ ለማሳደግ የተዘጋጀው ስልጠና በአዳማ ለ3 ቀናት ተሰጠ። 30 መምህራን ተሳትፈዋል።» ምንም መረጃ አልጠፋም፤ ነጠላ ሰረዝም አልቀረም።

«ሲሆን» ክፉ ቃል አይደለም። ሁለት ነገር ጎን ለጎን ሲነጻጸር ቦታው ነው፦ «ታላቁ መምህር ሲሆን ታናሹ ሹፌር ነው።» በአንድ ዓረፍተ ነገር አንዴ ከመጣ ይለፍ። ሁለተኛው ሲመጣ ተጠራጠሩ። ሦስተኛው ከመጣ አራት ነጥብ ያድርጉና ሌላ ይጀምሩ።

ሰረዝ በሚያስፈልግበት ቦታ መርሳት

ሰረዝ ማብዛትን ስንነቅፍ ከርመናል፤ መርሳትም ያሳስታል። «ማክሰኞ ሐዋሳ እሄዳለሁ ብሎ ነገረኝ።» የተናገረው ማክሰኞ ነው ወይስ የሚሄደው? ሁለቱንም ያስኬዳል። «ማክሰኞ፣ ሐዋሳ እሄዳለሁ ብሎ ነገረኝ» ስንል የተናገረበት ቀን መሆኑ ይገባል። ጉዞው ማክሰኞ ከሆነ ንግግሩን በትእምርተ ጥቅስ መክበብ ነው፦ «‹ማክሰኞ ሐዋሳ እሄዳለሁ› ብሎ ነገረኝ።»

ቃሉን ማዛወር ግን ከሁለቱም ይበልጣል። «ሐዋሳ እሄዳለሁ ብሎ ማክሰኞ ነገረኝ» ካልን ሰረዙ ቢጠፋ እንኳ ትርጉሙ አይናጋም። ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲገለበጥ መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ምልክቶች ናቸው።

የኪቦርድ ጣጣ

አራት ነጥብ ሁለት ጊዜ የተመታ ሁለት ነጥብ አይደለም። ። ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ለነጠላ ሰረዝ፣ ለድርብ ሰረዝና ለአራት ነጥብ የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ፡፡ እና ። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ለኮምፒውተር ግን አይገናኙም። ።ን እያየ ዓረፍተ ነገር የሚከፋፍል የትርጉም ወይም የንባብ ፕሮግራም በ፡፡ የተጻፈን ገጽ እንደ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሊወስደው ይችላል።

የላቲኑን ሰረዝ (,) ከአማርኛው ጋር መቀላቀልም ጥሩ አይደለም። ፥ ደግሞ ሌላ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው የነጠላ ሰረዝን ሥራ ሲሠራ አይቶታል። መጠቀም ነውር የለውም፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዴ ፣ አንዴ ፥ ማድረግ ግን ማምታታት ነው።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ የፈልግና ተካ መስኮቱን ይክፈቱ። ፡፡ን በ። ይተኩ። ቀጥሎ ከፊታቸው ባዶ ቦታ የተተወላቸውን ፣ ፤ እና ። ፈልገው ከቃሉ ጋር ያጣብቋቸው፤ ክፍተቱ የሚገባው ከምልክቱ በኋላ ነው። ይህን ሳያደርጉ ቢልኩት አንዳንዱ አራት ነጥብ ቃሉን መስመሩ መጨረሻ ላይ ትቶ ብቻውን የቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ጉብ ይላል።