ወረፋው ለምን አያልቅም? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ወረፋ ሲንዛዛ መጀመሪያ የሚወቀሰው መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ የአሠራሩ ነው።

ምልክት፦ ሠራተኛው ቀና ሳይል ይሠራል፤ ሰልፉ ግን ይረዝማል።

መንስኤ፦ ፋታ የለም። ባለጉዳይ ሰዓት ተከፋፍሎ አይመጣም፤ አንዴ ጭር ይላል፣ አንዴ ይግተለተላል። የአንዱ ጉዳይ ቶሎ ያልቃል፣ የሌላው ይጎተታል። በጣም ቀላል በሆነው የወረፋ ስሌት እንየው። አንድ መስኮት ለአንድ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። ከሥራ ሰዓቱ ግማሹ ብቻ ከተያዘ፣ ተራ እስኪደርስ በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠበቃል። 80 በመቶው ሲያዝ 20 ደቂቃ ይሆናል። 90 በመቶ ላይ 45፣ 95 በመቶ ላይ ደግሞ 95 ደቂቃ! ከ90 ወደ 95 ሲኬድ የተጨመረችው ትንሽ ሥራ ጥበቃውን ከእጥፍ በላይ አደረገችው።

መፍትሄ፦ ባዶ የሚመስለውን ሰዓት በሌላ ሥራ አትሙሉት። ድንገት የመጣውን ግርግር የሚውጠው እሱ ነው። ቀጠሮ ስጡ፤ ረጅም ጉዳዮችን ለብቻ ለዩ። እኔ ብሆን በሪፖርት ላይ «ሠራተኛው መቶ በመቶ ተይዟል» የሚል ሳይ እደነግጣለሁ እንጂ አልደሰትም።

ምልክት፦ የጎን ሰልፍ ሁሌም ከእኛ ይፈጥናል።

3 ሰልፍ ካለ የእናንተ ፈጣኑ የመሆን ዕድሉ ከ3 አንድ ነው፤ እድለ ቢስ ሆናችሁ አይደለም። ለሁሉም መስኮት አንድ ወረፋ ይሁን። የአንዱ ጉዳይ ቢጎተት ሌሎቹ መስኮቶች ተራውን ያስኬዳሉ።

ምልክት፦ የጋራው ነገር በቂ ነው፣ ግን ሁሌም «ተይዟል»።

የስብሰባ ክፍልን አስቡ። መዝገቡ ሳምንቱን ሙሉ ሞልቷል፤ በሩን ከፍታችሁ ስታዩ ማንም የለም።

መንስኤ፦ ስጋት። አጣለሁ ብሎ የፈራ ሰው ለማንኛውም ብሎ አስቀድሞ ይይዛል። እሱ ሲይዝ ሌላው ያጣል፤ ያጣው በቀጣዩ ሳምንት እሱም አብዝቶ ይይዛል። አዙሪት ነው። ክፍል ቢጨመርም ስጋቱ እስካለ ድረስ እሱም ይያዛል።

መፍትሄ፦ በ10 ደቂቃ ውስጥ ያልመጣ ሰው ተራው ይለፈው፤ ማን እንደያዘም ለሁሉም ይታይ። ደንቡን ግን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ያውጡት። በ2009 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመችው ኤሊኖር ኦስትሮም የጋራ ግጦሽ፣ የመስኖ ውኃና የዓሣ ማስገሪያ ስታጠና ያየችው ይህንኑ ነው። ለዘመናት የዘለቁት ተጠቃሚው ደንብ በማውጣቱ የሚሳተፍባቸውና አጠቃቀሙን የሚከታተል ሰው ያላቸው ነበሩ። ቅጣታቸውም ለመጀመሪያ ጥፋት ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሲደጋገም ነው።