ቅጠሉን አይተው ሰውየውን ሲረሱ

ደሴ ውስጥ ከጦሳ ሥር ትንሽ ጓሮ አለችኝ። ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ አሪቲና ግራዋ አሉባት። ጎረቤት ሲያንኳኳ ቀጥፌ እሰጣለሁ። ሙያውን ያየሁት ከአያቴ ነው። የአምባሰል ሴት ነበረች። ሰው ሲመጣባት መጀመሪያ ዓይኑንና ምላሱን ታያለች። "ከየት መጣህ? ምን በላህ? ስንት ቀንህ ነው?" ትላለች። ቅጠል የምታነሳው ከዚያ በኋላ ነው። የዛሬ ልጆች ግን በስልካቸው ፎቶ ይዘው ይመጡና "ጋሼ፣ ይቺ ለምንድን ነው የምትሆነው?" ይሉኛል። ለማን እንደፈለጓት የሚነግረኝ የለም።

ከሁሉም የሚያበሽቀኝ ትኩሳትን ሁሉ ምች ማለት ነው። ዳማከሴን እያጣጣልኩ አይደለም። ላብ ላይ ሳለ ፀሐይ የመታው፣ ራሱን የያዘው፣ ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው ቅጠሉን በመዳፉ አሽቶ ቢያሸተው፣ ጭማቂውን ግንባሩን ቢቀባው፣ ጠብ አድርጎ በቡና ቢጠጣው እኔም የማደርገው ነው። ግን ሰውየው ወባ ካለበት ቆላ፣ ከሀርቡ፣ ከከሚሴ ወይም ከቆቦ የመጣ ከሆነ ደሙ እስኪታይ ድረስ ወባ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ምች ነው ብሎ መገመት ቀላል ነው፤ የሚቀብረውም ይኸው ግምት ነው።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። የእህቴ ልጅ አንድ ጥቅምት ላይ ቆቦ ማሽላ ሲጠብቅ ሰንብቶ መጣ። ማታውን ይንቀጠቀጥ ጀመር። "ምች ነው፣ ምን ያሸብራችኋል" አልኩ። ዳማከሴ አሽቼ ቀባሁት፣ አጠጣሁት። ሌሊት ላብ በላብ ሆነና ትኩሳቱ ወረደ። "አያችሁ!" አልኩ። ኮራሁ እንጂ። ወባ ራሷ እንዲህ እንደምታደርግ ረስቼው ነው፤ ታንቀጠቅጣለች፣ ታነዳለች፣ ታልባለች፣ ትለቃለች፣ ከዚያ ተመልሳ ትመጣለች። ላቡን ያመጣው ቅጠሌ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ማታ ልጁ እናቱን አላውቅ አለ። ተሸክመን ሐኪም ቤት ወሰድነው። ደሙ ሲታይ ፋልሲፓረም የሚባለው ክፉው ዓይነት ነበር። ልጁ ተርፏል፣ ዛሬ ሁለት ልጆች አሉት። እህቴ ግን እስካሁን ከእኔ ጓሮ ዳማከሴ አትወስድም። አልፈርድባትም።

በዚሁ ላይ አዲስ ስህተት መጥቷል። የወባ መድኃኒት አርቴሚሲያ ከሚባል ተክል እንደሚወጣ የሰማ ሁሉ አሪቲ ቀቅሎ ይጠጣል። ወሬው እውነት አለው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው በዚያ ሥራ ነው። ነገር ግን ያች ተክል ሌላ ናት፤ የእኛ አሪቲና ጭቁኝ ዘመዶቿ እንጂ እሷ አይደሉም። አሪቲ ቤት ታውድ፣ ጀበና አጠገብ ትጎዝጎዝ። ለወባ አትሆንም።

ሴት ልጅ መድኃኒት ስትጠይቃችሁ እርጉዝ መሆኗን ሳትጠይቁ እጃችሁን ወደ ቅጠል አትስደዱ። ማፈር የለም። በአቦል ላይ ጣል የምትደረግ የጤና አዳም ጫፍ አንድ ነገር ናት፤ "ለቁርጠት" ተብሎ በእፍኝ ተቀቅሎ የሚጠጣው ሌላ ነው፤ ማህፀን ያኮማትራል፣ ፅንስ ያስወርዳል። ኮሶና እንዶድም እንደዚያው። እንዶድማ የልብስ ሳሙና ነው፤ እነ ዶክተር አክሊሉ ለማ ቀንድ አውጣ የሚገድል መሆኑን ያሳዩት ተክል ነው። ሆድ ውስጥ ምን ይሠራል?

ስለ ጤና አዳም አንድ ነገር ልጨምር። ፀሐይ ላይ ብዙ አትቁረጡት። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል። እጄ ላይ ጠባሳው አለ።

ኮሶ ላይ ስህተቱ መጠኑ ነው። "አልሠራልኝም፣ ልድገመው" ይላሉ። ወገኖቼ፣ ኮሶ አይደገምም! መጠኑ ሲያልፍ ማስታወክና ማስቀመጥ ብቻ አይደለም፣ ዓይን ያጠፋል፣ ሰውም ይገድላል። ደግሞ ዛፉ ወንድና ሴት አለው። ለኮሶ ትል የሚፈለገው የሴቴዋ ቀይ አበባ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ተወቅጦ ስለሚመጣ ወንዴ ይሁን ሴቴ፣ የዘንድሮ ይሁን የካቻምና በምን ታውቃላችሁ? የከረመው ይደክማል፣ ሰው "ደካማ ነው" ብሎ ይጨምራል፣ ከዚያ ትኩስ ሲያገኝ በዚያው ልክ ይጠጣል። ድሮ "ኮሶ ጠጥቷል" የተባለን ሰው ማንም አይጠራውም ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል። ያን ያህል ከባድ ነገር ነው። ዛሬ በፋርማሲ ክኒን አለለት። ጥሬ ሥጋ መብላት ካላቆማችሁ ግን ክኒኑም ቢሆን ይሰለቻችኋል።

አስተናግርን አትንኩ። ነጭ ጥሩምባ የመሰለ አበባ፣ እሾሃም ፍሬ፣ ቆሻሻ መጣያ ዳር የሚበቅለው። ፍሬውን ለጥርስ የሚያጨሱት አሉ፤ "ትሉ ወጣ" ይላሉ። ጥርስን ትል አይበላውም። ስሙን ያገኘው የበላውን ሰው ስለሚያስቀባጥር ነው፤ አፍ ይደርቃል፣ ፊት ይቀላል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ሰውየው ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። የቅኔ ተማሪዎች አእምሮ ይከፍታል ብለው ከዚሁ ተክል የሚሠራውን አብሾ ይጠጡ ነበር ይባላል፤ ሲሰክር የሚያብድን ሰው "አብሾ አለበት" የምንለው ከዚያ ነው። ዋድላ ድረስ ሄዶ ቅኔ መማር ይሻላል፤ ድካሙ ቢበዛም አእምሮ አይወስድም።

የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጥባችሁ ወደ ሐኪም።

ወጉን ይዞ ንጽሕናውን መርሳትም አለ። አያቴ ረቡዕና ዓርብ ጎህ ሲቀድ፣ ከሰው ሳትነጋገር፣ ጥላዋ ተክሉ ላይ ሳያርፍ ነበር የምትቆርጠው። እኔ ይህን አልንቀውም፤ ቢያንስ ልቧ ሥራው ላይ ይሆናል። አሁን ግን ቀኑን ጠብቆ፣ ዝም ብሎ፣ ጥላውን ሸሽቶ የቆረጠውን ቅጠል ከነአፈሩ የሚያጠጣ አይቻለሁ። አያቴ ቅጠሉን መጀመሪያ በውሃ ታጥበው ነበር እኮ!

የመጨረሻው ቀበሪቾ ነው። ሥሩ ስለሚፈለግ ነቅለው ይጨርሱታል፤ ተቆፍሮ የወጣ ተመልሶ አይበቅልም። ከዚያ የባሰው ግን አጠቃቀሙ ነው። ሕፃን ልጅ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ፣ ደረቱ ሲሰረጎድ "ቡዳ ነው" ብለው በርና መስኮት ዘግተው ያጥኑታል። አየር ያጠረው ልጅ ላይ ጭስ! መስኮቱን ክፈቱ፣ ልጁን አቅፋችሁ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ቀበሪቾው የትም አይሄድም።