ጠምቶት አይደለም! ቢጫ የሚሆነው የጣሳ አበባ ችግርና መፍትሄ

ጄራኒየም፣ ዳሊያ፣ ጽጌረዳ፣ ቡገንቪላ። የድሮ ግቢ አበቦች ናቸው። ብዙ እንክብካቤ አይፈልጉም፤ እንዲያውም እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ የሞቱት እንክብካቤ በዝቶባቸው ነው። ፀሐይ ይፈልጋሉ፣ የደረቀ አበባ ይቀነጠሳል የሚለውን ታውቁታላችሁ ብዬ ልለፈው።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጠወለገ፣ አፈሩ ግን እርጥብ ነው

በተለይ ጄራኒየም ላይ የማየው ይህንኑ ነው፣ ሁልጊዜ። ከታች ያሉት ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፣ ይልፈሰፈሳሉ፣ ይረግፋሉ። ባለቤቱ «ጠምቶት ነው» ይልና ውሃ ይጨምራል። በማግስቱ ይብስበታል። እንደገና ውሃ።

ምክንያቱ ውሃው መውጫ ማጣቱ ነው። ሥር አየር ይፈልጋል። ጭቃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲከርም ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ አይችልም። ለዚህ ነው ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ የተጠማ የሚመስለው።

አንዲት እናቴ የሚሆኑ ጎረቤት ሰባት የወተት ጣሳ ጄራኒየም ደረጃቸው ላይ ደርድረው ነበር። ያምር ነበር። አንድ ቀን ጠሩኝና «ልጄ፣ ዓይን ነው የበላብኝ» አሉኝ። አንዱን ጣሳ ገልብጬ ቂጡን መታ መታ ሳደርገው የወጣው ሽታ! ሥሩ ቡኒ ሆኖ ሙልጭልጭ ይላል፣ ሳብ ሲያደርጉት ልጡ እጅ ላይ ይቀራል። ጤነኛ ሥር ነጭና ጠንካራ ነው። ከሰባቱ አንዱም ጣሳ አልተበሳም። ለምን ብላቸው «ከተበሳማ ውሃው ደረጃዬን ያበላሽብኛል!»

መፍትሄው ይኸውላችሁ። ውሃውን አቁሙ። ተክሉን አውጡና ቡኒውን ሥር በንጹህ መቀስ ቁረጡ። የጣሳውን ቂጥ በወፍራም ሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ አለዚያ ስለቱ ወደ ውስጥ ይገባና ቀዳዳውን አፈር ይደፍነዋል። አፈሩን ቀይሩ፦ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ። ጥቁር መረሬ ብቻውን ጣሳ ውስጥ አትክተቱ፤ ሲረጥብ ሊጥ ነው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከዚያ ጣሳውን ድንጋይ ላይ አስቀምጡት፣ ወለል ላይ ከተለጠፈ ቀዳዳው ምን ይሠራል?

ግንዱ ከታች ጠቁሮ ከሆነ ግን አትድከሙ፣ አይድንም። ከላይ ጤነኛውን 10 ሴንቲሜትር ያህል ቁረጡና ጥላ ቦታ አንድ ቀን ቁስሉ እስኪደርቅ ተዉት፣ ከዚያ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ትከሉት። አንድ ወር ገደማ ውስጥ ሥር ይሰድዳል። የጎረቤቴ ሦስቱ ጣሳዎች የተረፉት በዚህ ነው።

«ከሥር ጠጠር አድርጌበታለሁ» የሚለኝ ሰው ያናድደኛል። ቀዳዳ ከሌለ ጠጠሩ ውሃውን የትም አይወስደውም። ደግሞ የሚሸጠው የፕላስቲክ ማስቀመጫ! ከሥሩ የቀዳዳ ምልክት ክብ ክብ ተደርጎ ታትሞበታል፣ ግን አልተበሳም። ስንቱ ሰው ምልክቱን አይቶ የተበሳ መስሎት ተክሏል። ገልብጣችሁ በጣታችሁ ሞክሩት። ሳህን ከሥሩ የምታስቀምጡም ውሃውን ድፉት፣ ሳህኑ ውሃ ይዞ ከቆየ ጣሳው እንዳልተበሳ ነው። ክረምት ላይ ደጅ ያለውን አታጠጡ። በነሐሴ ዝናብ ጃንጥላ ይዞ አበባ የሚያጠጣ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

መቼ ይጠጣ? ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ተዉት። በቃ።

ቢጫ ሆኖ አፈሩ አቧራ፣ ቅጠሉም ከጫፉ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ያ እውነትም ጥም ነው።

ከተተከለ ወራት ሆኖት ጽጌረዳው አላድግ አለ

ቆፍራችሁ እዩ። አንድ ወዳጄ ግቢ የሞተ ጽጌረዳ ስነቅል ችግኙ የተገዛበት ጥቁር ላስቲክ እንዳለ አብሮ ተቀብሯል፣ ሥሩ ውስጡ እንደ ክር ተጠቅልሎ። «ሻጩ አውጡት አላለኝም» አለኝ። ላስቲኩን ቅደዱ እንጂ!

ጽጌረዳው ቀንበጥ ላይ አረንጓዴ ክሽክሽ (ጭማቂውን የሚመጡ ትንንሽ ነፍሳት) ከወረረው በውሃ ግፊት አርግፉት፣ ካልሄደ አንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጋችሁ ማታ ማታ ርጩ። ኦሞ አይደለም፣ ፈሳሽ ሳሙና። ቀትር ላይም አይደለም፣ ቅጠሉ ይቃጠላል። ዱቄት የተነሰነሰበት ከመሰለ የታመመውን ቅጠል ቁረጡ፣ የተጠላለፈውንም ቅርንጫፍ አሳሱ፣ አየር ይግባው።

ከመሬት ጽጌረዳውን የማይመስል፣ ሌላ ዓይነት ቅርንጫፍ ከወጣ ጽጌረዳው በሌላ ግንድ ላይ የተቀጠለ ነው። ያንን ከመነሻው ገንጥሉት፣ ዋናውን ይውጠዋል።

ቅጠል ብቻ፣ አበባ የለም

ወይ ጥላ ነው፣ ወይ ዩሪያ ሰጥታችሁታል። ቡገንቪላ ደግሞ ውሃ ከበዛለት ቅጠሉን እያወፈረ ይቀመጣል፤ ትንሽ አስጠሙት።

ዳሊያ በክረምት ከበሰበሰ ድንች የሚመስለውን ሥሩን ከፍ ያለ መደብ ላይ ትከሉ።

ዩሪያ ጣሳ ውስጥ በእፍኝ የምትጨምሩ፣ እባካችሁ ተዉ። ሥሩን ያቃጥለዋል፣ ከዚያ ቢጫ ሆነብኝ ብላችሁ ትደውላላችሁ።