ከፍ በተደረገ ላንድሮቨር ላይ የኋላ ትራስሚሲዮን የጎማ መጋጠሚያን እንዴት መቀየር ይቻላል?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ፣ አልፎም ሊማሊሞን ወርዶ የሚመላለስ መኪና ሆዱን ድንጋይ እንዳይነካው ሞላው በረዥም ይተካለታል። ዕዳውን የሚከፍለው ግን ብዙ ጊዜ ከሥር ያለ አንድ ክብ የጎማ መጋጠሚያ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት የላንድሮቨር ዲስከቨሪ ትውልዶች የኋላው ትራስሚሲዮን (ኃይልን ወደ ኋላ የሚወስደው ረጅም ዘንግ) ከዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው ክፍል) ጋር የሚገናኘው በክሮቼራ (በመስቀል ቅርጽ ባለው የብረት መጋጠሚያ) ሳይሆን ስድስት ቀዳዳ ባለው ወፍራም የጎማ መጋጠሚያ ነው። ሦስቱ ብሎኖች ከትራስሚሲዮኑ፣ ሦስቱ ደግሞ ከዲፈረንሻሉ ፍላንጅ (ብሎን ከሚታሰርበት ጠፍጣፋ ፊት) ጋር እየተፈራረቁ ይታሰራሉ። ጎማው መጠምዘዝን ይችላል፤ መታጠፍን ግን ከጥቂት ዲግሪ በላይ አይችልም። መኪናው ከፍ ሲል ትራስሚሲዮኑ ያዘቀዝቃል፣ ጎማው በእያንዳንዱ ዙር እየታጠፈና እየተዘረጋ በብሎኖቹ ዙሪያ ይሰነጠቃል። ነዳጅ ሲሰጡና ሲለቁ ከኋላ «ዷ» የሚል ድምፅ ወይም ፍጥነት ሲጨምር የሚመጣ ንዝረት ከሰሙ ገብተው ይዩት።

ከሁሉ በፊት ደልዳላ ቦታ ይፈልጉ፤ በጎንደር ይህ ራሱ ሥራ ነው። ቸል ሊባል የማይገባው ምክንያት አለው፦ የእነዚህ መኪናዎች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ሳይሆን ከትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ከሚያከፋፍለው ሳጥን) የሚወጣውን ዘንግ ነው። ትራስሚሲዮኑ ሲፈታ የእጅ ፍሬኑ ቢሳብም መኪናው ሊንከባለል ይችላል። ስለዚህ የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያስይዙ። ክሪክ ብቻውን ተሸክሞት እያለ ከሥር አይግቡ፤ በካቫሌቶ (በቋሚ የብረት መደገፊያ) ይደግፉት። ብሎኖቹን ለማግኘት ትራስሚሲዮኑ መዞር ስላለበት አንዱን የኋላ ጎማ ከመሬት ያንሱ።

ከመፍታትዎ በፊት ትራስሚሲዮኑንና ፍላንጁን በቀለም ምልክት ያድርጉባቸው፤ ሲመለስ በዚያው ቦታ ካልገጠመ ንዝረት ሊያመጣ ይችላል። ከዚያ በዲፈረንሻሉ በኩል ያሉትን ሦስቱን ዳዶ ፈትተው ትራስሚሲዮኑን ወደ ፊት ገፋ በማድረግ ያውጡት። እንዲንጠለጠል አይተዉት፣ በሽቦ አስረው ያቆዩት። ቀጥሎ አሮጌውን ጎማ ከትራስሚሲዮኑ ይፍቱ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያልፉት ነገር አለ። በመሃል ትራስሚሲዮኑን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ትንሽ ዘንግና ቡሽ (ዘንጉ የሚገባበት ቀለበት) አለ። ቡሹ ከተበላ አዲሱ ጎማም ብዙ አይቆይም፤ አብረው ይቀይሩት።

አዲሱ ጎማ በብረት ቀበቶ ታስሮ ከመጣ ቀበቶውን የሚያወልቁት ብሎኖቹ በሙሉ ከገቡ በኋላ ነው። ሲያጠብቁ በጎማው በኩል ያለውን የብሎን ጫፍ በቁልፍ ይያዙና በፍላንጁ በኩል ያለውን ያዙሩ፤ አለዚያ ጎማው ተጠማዝዞ ይታሰራል። ዳዶዎቹ አዲስ ይሁኑ፤ የማጥበቂያውን ልክ ከመኪናው መመሪያ ይውሰዱ።

መኪናውን በአራቱም ጎማ ካቆሙ በኋላ የስልክዎን የውኃ ልክ (ማዕዘን የሚለካውን) በትራስሚሲዮኑ ላይ፣ ከዚያም በዲፈረንሻሉ ፍላንጅ ፊት ላይ ያስደግፉ። የሁለቱ ንባብ ልዩነት ከ90 ዲግሪ የራቀበት ቁጥር ጎማው የሚታጠፍበት ማዕዘን ነው። ብዙ ከሆነ ሌላ ጎማ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ። ያኔ ሁለት መንገድ አለ፦ የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ቀና የሚያደርጉ የኋላ ክንዶች መግጠም፣ ወይም ፍላንጁን ቀይሮ በሁለቱም ጫፍ ክሮቼራ ያለው ትራስሚሲዮን ማድረግ። ክሮቼራ ግን በሁለቱም ጫፍ የሚታጠፍበት ማዕዘን ካልተመጣጠነ እሱም ይንቀጠቀጣል።

የጎማ መጋጠሚያው ሊማሊሞ ላይ ቢበጠስ ትራስሚሲዮኑን ፈትተው መኪናው ላይ ይጫኑት፤ ተንጠልጥሎ የሚሽከረከር ብረት ያገኘውን ሁሉ ይመታል። የመሃል ዲፈረንሻል (በፊትና በኋላ ዘንጎች መካከል ያለው) መቆለፊያ ያለው መኪና ከሆነ ቆልፈው በፊት ጎማዎች ብቻ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ቁልፉን ካላላቀቁት የእጅ ፍሬኑም የፊት ጎማዎችን ይይዛል፤ ቢሆንም ሲቆሙ ታኮ ያድርጉ።