ክንፉ የተጨማደደ ቢራቢሮ ቢወጣላችሁ

እዚህ ሜሪላንድ ጓሮዬ ውስጥ፣ ከጎመኑና ከጤና አዳሙ ጎን፣ ሚልክዊድ ተክያለሁ። የሞናርክ ቢራቢሮ አባጨጓሬ ሌላ ቅጠል አይበላም። ቆላ ያደገ ሰው ቶቢያውን ያስታውስ፤ ዘመዳሞች ናቸው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል። ወተቱ ለዓይን ክፉ ነውና ከነካችሁት እጃችሁን ታጠቡ።

ባለቤቴ "ትል ቀላቢው" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

በመጀመሪያው ዓመት 22 አባጨጓሬ አንድ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አጎርኩ። እያንዳንዳቸው አረንጓዴዋን ሽፋን ሠሩ (እኛ ቤት ጎጆ እንላታለን)። ሲወጡ የስምንቱ ክንፍ እንደታሸ ሶፍት ነበር። አሳዘኑኝ። ማር በጥብጬ በጥጥ እየሰጠሁ አስታመምኩ። ትንሽ ትንሽ የሚበሩትን ደግሞ ሚልክዊዱ ላይ ለቀቅኳቸው። ለካ በሽታ ነበረባቸው፤ በገዛ እጄ ጓሮዬ ላይ ዘራሁት።

መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ወድቆ ነበር ወይ? ቢራቢሮ ሲወጣ ክንፉ እርጥብና እጥፍጥፍ ያለ ነው። ተንጠልጥሎ፣ ከሆዱ ፈሳሽ እየገፋ ይዘረጋዋል። ግድግዳው ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆነ ያንሸራትተውና ይወድቃል፤ ክንፉም እንደታጠፈ ይደርቃል። ይህ በሽታ አይደለም። ቤቱን እንደ አጎበር ባለ መረብ ሥሩት፣ ከጎጆዋ በታች ሰፊ ባዶ ቦታ ተዉ። ጎጆዋ ራሷ ከወደቀች እስክትጠነክር አንድ ቀን ጠብቁና ጥቁሯን ጭራዋን በክር አሥራችሁ ስቀሏት።

ሳይወድቅ ከተጨማደደ፣ ወይም ግማሽ አካሉ ጎጆው ውስጥ ተጣብቆ ከቀረ፣ ኦኢ (OE) የሚባለውን ጥቃቅን ጥገኛ ተሕዋስ ጠርጥሩ። ዘሩ በዓይን አይታይም። እናትየዋ ሆድ ላይ ተለጥፎ ይመጣል፤ እንቁላሏና ቅጠሉ ላይ ይራገፋል፤ አባጨጓሬው ከቅጠሉ ጋር ይበላዋል። ጎጆዋንም አስተውሉ። ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው መላዋ ትጠቁራለች፣ የክንፉ ቀለም በላይዋ ይታያል፤ ይህ ደህና ነው። ሁለት ሦስት ቀን እየቀረው እዚህም እዚያም ጥቁር ጠቃጠቆ ካወጣች ግን አልወደውም።

ለማረጋገጥ፣ ክንፉ ደርቆ ሲጠነክር ክንፎቹን ገጥማችሁ በቀስታ ያዙት። ስኮች ሆዱ ላይ ለጠፍ አድርጋችሁ አንሱና የማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ ለጥፉት። የልጄ ማይክሮስኮፕ 100 ጊዜ ያጎላል፤ ይበቃል። ትልልቆቹ ከገላው የረገፉ ቅርፊቶች ናቸው። በመካከላቸው ጫፍና ጫፋቸው ሾል ያለ፣ ሎሚ የመሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ካያችሁ እሱ ነው። መድኃኒት የለውም።

ስለዚህ ጨዋታው ጽዳት ላይ ነው። አሁን ከ8 በላይ አልይዝም፤ እያንዳንዱም የየራሱ ዕቃ አለው። ኩሱን በየቀኑ እጠርጋለሁ። ዕቃውን 1 እጅ በረኪና ከ4 እጅ ውሃ ጋር ቀላቅዬ ለ4 ሰዓት እዘፈዝፋለሁ፣ ደጋግሜ አለቀልቃለሁ፣ ፀሐይ ላይ አደርቃለሁ። ቀይና ብርቱካናማ አበባ ያለውን የሞቃት አገር ሚልክዊድም ነቅያለሁ። ፍሎሪዳና ቴክሳስ ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ፤ እናንተ ጋ ዓመቱን ሙሉ ስለማይደርቅ የበሽታው ዘር እላዩ ላይ ይከማቻል።

ሌላው ችግር ቶሎ ይለያል። አባጨጓሬው ጠቁሮ ከሟሸሸ ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ ነው፤ ከነቅጠሉ በከረጢት አሥራችሁ ጣሉ። ነጭ ክር ተንጠልጥሎ ትል ከወረደበት ዝንብ እንቁላሏን ጥላበታለች ማለት ነው። አረንጓዴ እያስመለሰ ከተንፈራገጠ መርዝ ነው። አንዴ ከችግኝ መሸጫ የገዛሁት ሚልክዊድ በአንድ ሌሊት አምስት ጨረሰብኝ። አጥቤው ነበር እኮ! ለካ መርዙ ቅጠሉ ውስጥ ነው ያለው፣ በውሃ አይለቅም።

ኦኢ ያለበትን አሁን አለቅም። ፖስታ ውስጥ አድርጌ ፍሪዘር አስገባዋለሁ፤ በቅዝቃዜው አሸልቦ ይቀራል። መጀመሪያ ሰሞን እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ ከበርበሬው አጠገብ አገኘችውና ጉድ ፈላ። ፖስታው ላይ "ምግብ አይደለም" ብላችሁ ጻፉበት።